የጫት መንገድ፦ ከአወዳይ እስከ ካርቲየ 1

ከሐረርጌ ደጋ ተቀንጥሶ በአወዳይ ገበያ የሚሰበሰበው ጫት፣ የምድር ባቡሩ ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ ከደረሰ ወዲህ ወደ ባሕሩ ጠረፍ የሚወርድበት ጊዜ ከቅፍለት ዘመን እጅግ አጥሮ፣ በኋላም አውሮፕላን ሲጨመርበት ይበልጥ ፈጥኖ፣ ገና ሳይጠወልግ በጅቡቲ ከተማ በካርቲየ 1 ሰፈር መንገድ ዳር፣ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነው በሚጠብቁት ሴቶች ፊት ለመዘርጋት በቃ።

የዚህ ሁሉ ጥድፊያ ምክንያት፣ እንደሚመስለኝ፣ የነጋዴ ትጋት ብቻ ሳይሆን የቅጠሉ ባሕርይ ነው። በየመን ምድር ያረፈው የዕፀዋት ሊቅ ፐር ፎርስኮል ስለ ጫት የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1775 ከታተመ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ በ1975፣ የተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ከለምለሙ ቅጠል ካቲኖን የተባለውን ንጥረ ነገር ለየ፤ ይኸውም ቅጠሉ ሲደርቅ ኃይሉ ወደ ደከመ ካቲን የሚለወጥ ነው።

ቃሚው ጉንጩን ሞልቶ ሲያላምጥ ካቲኖን በአፍ ውስጥ ስስ ቆዳ በኩል ወደ ደም ይሰርጋል፤ የተዋጠውም በአንጀት በኩል ይከተላል። ደሙ ወደ አንጎል ያደርሰዋል፤ በደም ውስጥ ያለው መጠኑም ከሁለት ሰዓት ገደማ በኋላ ከፍተኛው ላይ ይደርሳል። ከዚያ ጉበት ወደ ኖርኤፌድሪንና ወደ ካቲን ይለውጠዋል፤ ኩላሊትም በሽንት ያስወግደዋል። መግባት፣ መሰራጨት፣ መለወጥ፣ መወገድ፦ ሐኪም የሚያዝዘው አብዛኛው መድኃኒት የሚገዛው በዚሁ ሥርዓት ነው።

ልቤን ይበልጥ የሚነካው ግን፣ ከጫቱ የሚመጣ ንጥረ ነገር በምትቅም እናት የጡት ወተት ውስጥም መገኘቱ ነው፤ ያልቃመው ሕፃን ከእርስዋ ይቀበለዋልና።