ወንጌላዊ

«ደራሲው ወንጌላዊ ናቸው» የሚል ዐረፍተ ነገር በአንድ የነገረ መለኮት መጽሐፍ ግምገማ ላይ ቢገኝ፣ አንባቢ ምን ይረዳ? የሰውየውን ሥራ ወይስ የእምነት ወገናቸውን?

ቃሉ የወጣው ከ«ወንጌል» ነው፤ ወንጌልም ከግሪክ የመጣ ሲሆን ፍቺው የምሥራች ነው። በጥንቱ አጠራር ወንጌላውያን የሚባሉት ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስና ዮሐንስ ናቸው፤ ዘመኑም በየተራ በስማቸው ይጠራል።

ወለጋ ላይ ቃሉ ሌላም ታሪክ አለው። ከስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ዘንድ የተማሩት ኦነሲሞስ ነሲብ፣ አስቴር ጋኖ አግዘዋቸው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 አሳተሙ፤ በ1904 ነቀምቴ ገብተው ማስተማር ጀመሩ። በ1959 የተመሠረተችው መካነ ኢየሱስም በሙሉ ስሟ «ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን» ናት። እዚህ ላይ ቃሉ ከሉተር ተሐድሶ የተወረሰ መጠሪያ ነው። በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ግን «ወንጌላዊ» ከቄስ የተለየ አገልጋይም ነው።

በአሜሪካ መጻሕፍት ደግሞ ቃሉ ብዙ ጊዜ የግል ዳግም ልደትን አጥብቆ የሚሰብክ እንቅስቃሴን ያመለክታል። ይህ ፍቺ ግን ለመካነ ኢየሱስ አይበቃም፤ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊዋ ሳሉ፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ በ1972 ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በላከችው ጽሑፍ የወንጌል ስብከትና ልማት አይነጣጠሉም ብላ ተከራክራለች። ያን ጽሑፍ በአሜሪካው ፍቺ ብቻ የሚመዝን ገምጋሚ ክርክሩን ይስተዋል። «ሉተራን» ወይም «ሰባኪ» ማለት ሲፈልግ እንዲያው ብሎ ይጻፍ።