ፈቃድ የማይጠየቅ ኩሬ

የወይና ደጋ ሰው ወባን የሚፈራው ቆላ ሲወርድ ነበር። በ1950 ዓ.ም. ክረምትና በተከታዩ ጥቅምትና ኅዳር ግን ወባ ራሷ ሽቅብ ወጣች። ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባለው አገር 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታምሞ 150 ሺሕ ያህሉ እንደሞተ ይገመታል። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ሁለቱም የተቆረቆሩት በዚሁ ከፍታ ነው።

ከዚያ እልቂት በኋላ የተቋቋመው የወባ ማጥፊያ ድርጅት በየቤቱ ግድግዳ ዲዲቲ አስረጨ። ትንኟ ደም ከመጠጠች በኋላ ግድግዳ ላይ ታርፋለችና ዘዴው ሠርቷል። ሆኖም ለዘመን መለወጫና ለመስቀል ቤት መለቅለቅ ወግ ነው፤ አዲሱ ጭቃ መድኃኒቱን ይሸፍነዋል፤ ያውም ወባ በምትበረታበት በመስከረም።

በ1937 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 74 ማዘጋጃ ቤቶችን ካደራጀ ወዲህ የከተማ ጽዳት ሲባል ቀድሞ የሚታሰበን ሥጋ ቤቱ፣ ጠጅ ቤቱና ምግብ ቤቱ ነው። ባለቤት አላቸው፤ ፈቃድ አላቸው፤ ቢያጓድሉ ይታሸጋሉ። ለምርጊት ጭቃ ተቆፍሮ የተተወ ጉድጓድ፣ ከብት የረገጠው ማጥ ግን ፈቃድ አይጠየቅም። የአገራችን ዋነኛዋ የወባ ትንኝ የምትራባውም ከቆሻሻው ክምር ይልቅ ፀሐይ በሚያገኘው፣ ጥሩ በሚመስለው በዚሁ ትንሽ ውኃ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2024 በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል። ከተማ ፈቃዱን በመዝገብ እንደሚቆጥር ሁሉ ጉድጓዱንም ይቁጠር፤ ዝናቡ ሳይሞላው ይድፈነው።