አንድ ጄት፣ ብዙ ባለቤት፦ የድርሻ ጄት ኩባንያዎችና የአውሮፕላን ምርጫቸው ታሪክ

የድርሻ ጄት ኩባንያ የሚሸጠው የአውሮፕላን ቁራጭ ነው። ገዢው የአንድ ጄት ሩብ፣ ስምንተኛ ወይም አሥራ ስድስተኛ እጅ ባለቤት ይሆናል፤ አብራሪ መቅጠር፣ ማስጠገን፣ ነዳጅ ማስሞላትና የበረራ ፈቃድ ማውጣት የኩባንያው ሥራ ነው። በተለመደው ስሌት አንድ አውሮፕላን በዓመት 800 ሰዓት ለባለድርሻዎቹ ይበራል። ስለዚህ ሩብ ድርሻ ያለው 200 ሰዓት፣ አሥራ ስድስተኛ ያለው ደግሞ 50 ሰዓት ያገኛል። ደንበኛው ድርሻውን ሲገዛ አንድ ጊዜ ይከፍላል፤ ከዚያ በኋላ በየወሩ የአስተዳደር ክፍያ አለበት፤ በተሳፈረ ቁጥር ደግሞ የሰዓት ሂሳብ ይጨመርበታል። ውሉ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ዓመት ገደማ ይቆያል። ሲያበቃ ኩባንያው ድርሻውን በዕለቱ የገበያ ዋጋ መልሶ ይገዛል።

ባለድርሻው በጠራ ጊዜ የሚመጣለት ግን በስሙ የተመዘገበው ጄት ላይሆን ይችላል። የሚላክለት በዚያ ሰዓት በቅርብ የተገኘው ተመሳሳይ ዓይነት አውሮፕላን ነው። «በጥቂት ሰዓታት ማስታወቂያ ጄት እናቀርባለን» የሚለው ዋስትና የቆመው አንዱ ጄት ሌላውን መተካት በመቻሉ ላይ ነው። አውሮፕላኖቹ ካልተመሳሰሉ ዋስትናው ይፈርሳል፤ ሁሉም ኩባንያ ያንኑ ዓይነት ከገዛ ደግሞ ደንበኛው ከአንዱ ይልቅ ሌላውን የሚመርጥበት ምክንያት ይጠፋል። ያለፉት አርባ ዓመታት የአውሮፕላን ግዢ ታሪክ በአመዛኙ በእነዚህ በሁለቱ፣ በመመሳሰልና በመለየት መካከል የተደረገ ትግል ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

የዘርፉ ሥር ያለው ኦሃዮ ውስጥ፣ ኮሎምበስ ከተማ ነው። በ1964 ኤግዚኪዩቲቭ ጄት አቪዬሽን የተባለ ኩባንያ እዚያ ተቋቋመ። መሪው ከአሜሪካ አየር ኃይል በጡረታ የተሰናበቱት ብርጋዴር ጄኔራል ኦልበርት ላሲተር ነበሩ። ከጀማሪዎቹ መካከል ጄኔራል ከርቲስ ሌሜይ፣ ሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ የጣለውን አውሮፕላን ያበረሩት ፖል ቲቤትስ እና የፊልም ተዋናዩ ጄምስ ስቲዋርት ይጠቀሳሉ። ኩባንያው ሥራ የጀመረው በአሥር ሊርጄት 23 አውሮፕላኖች ነው። ሊርጄት ገና በዚያው ዓመት ወደ ገበያ የወጣች፣ ትንሽና ፈጣን ጄት ነበረች። የሚሸጠው የበረራ ሰዓት እንጂ ድርሻ አልነበረም፤ ሆኖም አንድ ዓይነት አውሮፕላን በብዛት ይዞ ለብዙ ደንበኛ ማቅረብ የሚለው አሠራር ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ነበረ። የፔንሲልቬንያ ባቡር ኩባንያ ገንዘብ አፍስሶበት ስለነበር ከመንግሥት ተቆጣጣሪዎች ጋር ተጋጨ፤ የባቡር ኩባንያው ወራሽ ፔን ሴንትራል በ1970 ሲከስር ደግሞ ኤግዚኪዩቲቭ ጄት ለጥቂት ተረፈ። ጄኔራሎቹ ትተውት ያለፉት ትልቁ ሀብት እንደ ወታደር ልማዳቸው በጥንቃቄ የያዙት የበረራ መዝገብ ነው።

መዝገቡን ያነበበው ሰው ሪቻርድ ሳንቱሊ ነው። ሳንቱሊ ሒሳብ የተማረ፣ በጎልድማን ሳክስ የኪራይ ፋይናንስ ሥራ ላይ የነበረ ሰው ሲሆን ኤግዚኪዩቲቭ ጄትን የገዛው በ1984 ነው። ብዙ ሰዎች አንድ አውሮፕላን በጋራ ሲገዙ ሁሉም በአንድ ቀን መብረር ስለሚፈልጉ መጋጨታቸው አይቀርም። ሳንቱሊ የዓመታቱን በረራዎች አንድ በአንድ አስልቶ፣ በቂ ባለድርሻና በቂ ተመሳሳይ አውሮፕላን ካለ፣ በዚያ ላይ ጥቂት የኩባንያው የራሱ መጠባበቂያ ጄቶች ከተጨመሩ ግጭቱ እንደሚወገድ አረጋገጠ። በ1986 ኔትጄትስ የተባለው ፕሮግራም ተጀመረ። የተመረጠው አውሮፕላን የሴስና ሥሪት የሆነው ሳይቴሽን ኤስ/2 ነበር፤ ፈጣን አይባልም፣ ዓይን የሚስብ ውበትም የለውም። ነገር ግን አስተማማኝ፣ በአጭር ማኮብኮቢያ የሚነሳና መለዋወጫው በየቦታው የሚገኝ ነው። ለመጀመሪያው ዘመን ይህ ትክክለኛ ምርጫ ነበር ማለት ይቻላል፤ መታየት የነበረበት አውሮፕላኑ ሳይሆን አሠራሩ ነበርና። አሜሪካ ውስጥ የተመዘገቡ የኔትጄትስ አውሮፕላኖች ጅራት ላይ ያለው የምዝገባ ቁጥር እስከ ዛሬ «ኪው ኤስ» በሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ያበቃል፤ ፊደላቱ በእንግሊዝኛ የሩብ ድርሻ ምሕጻር ናቸው።

በ1990ዎቹ ኔትጄትስ ወደ ትላልቅ ጄቶች ወጣ። ሆከር 1000 ተጨመረ፤ በ1995 ገልፍስትሪም መጣ፤ አሥርት ዓመቱ ሳያልቅ በቦይንግ 737 ላይ የተመሠረተው የቢዝነስ ጄት ሳይቀር በድርሻ ተሸጠ። ይህን ያዩ አምራቾች ተመልካች ሆነው መቀመጥ አልፈለጉም። ቦምባርዲየር በ1995 ከአሜሪካን አየር መንገድ እናት ኩባንያ ጋር ሆኖ ፍሌክስጄትን አቋቋመና ሊርጄትና ቻሌንጀር የተባሉ አውሮፕላኖቹን አሰማራ። ሬይቲዮን በ1997 ትራቭል ኤርን፣ ሴስና ደግሞ በ2000 ሳይቴሽንሼርስን ከፈቱ። አምራች ለሚመራው ኩባንያ የአውሮፕላን ምርጫ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ፋብሪካው የሠራውን መሸጥ ብቻ ነበር።

ልዩነቱን አጉልተው ለገበያ የተጠቀሙበት ዋረን ባፌት ናቸው። ባፌት በ1995 የሆከር 1000 ሩብ ገዝተው የኔትጄትስ ደንበኛ ሆነው ነበር፤ በ1998 ደግሞ ኩባንያቸው በርክሻየር ሃታዌይ ኤግዚኪዩቲቭ ጄትን በ725 ሚሊዮን ዶላር ጠቀለለው። በዚያ ዓመት ለባለአክሲዮኖቻቸው በጻፉት ደብዳቤ ኔትጄትስን ለታመመው የሚስማማውን መድኃኒት ከየትም መርጦ ከሚያዝ ሐኪም ጋር፣ ተፎካካሪዎቹን ግን የራሳቸውን ምርት ለሁሉም ከሚያዙ ሰዎች ጋር አነጻጽረዋቸዋል። ደብዳቤው የንግድ ማስታወቂያ ጠረን ቢኖረውም ቁም ነገሩ እውነት ነበር። ከሴስና፣ ከገልፍስትሪም፣ ከፋልከን፣ ከሬይቲዮንና ከቦይንግ የሚገዛ ድርጅት ከአንድ አምራች ጋር ከተሳሰረ ተፎካካሪ የሰፋ ምርጫ ማቅረብ ይችላል። ከአምራቾቹ ኩባንያዎች መካከል እስከ ዛሬ በአምራቹ እጅ የቀረ የለም። ትራቭል ኤር በ2002 ከፍላይት ኦፕሽንስ ጋር ተዋሃደ፤ የሴስናው ከጊዜ በኋላ ተዘጋ፤ ፍሌክስጄት ተሸጠ።

ፍላይት ኦፕሽንስ ራሱ ሌላ መንገድ የሞከረ ነበር። ኬን ሪቺ በ1998 ክሊቭላንድ ላይ ሲመሠርቱት ያገለገሉ ጄቶችን ገዝተው፣ አድሰውና ቀለም ቀብተው በቅናሽ ድርሻ ሸጡ። ብዙ ደንበኛ አገኙ። ይሁን እንጂ ያረጀ አውሮፕላን ጥገናው ይበዛል፤ ከየቦታው የተሰበሰቡ ጄቶችም ዓይነታቸው አንድ ቢሆን እንኳ ውስጣቸውና መሣሪያቸው ይለያያል።

በ2003 የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ለድርሻ ባለቤትነት የተለየ ደንብ አወጣ። ለአውሮፕላን ዝቅተኛው ድርሻ አንድ አሥራ ስድስተኛ እንዲሆን ተወሰነ፤ የአብራሪ ሥልጠና፣ የዕረፍት ሰዓትና የጥገና መስፈርትም ለሁሉም ተደነገገ። የደኅንነት መስፈርቱ የጋራ ከሆነ በኋላ ለመለያ የቀረው መስክ ጠበበ፤ አውሮፕላኑ ራሱ ይበልጥ የሚታየው ከዚህ ወዲህ ነው።

አንዳንድ ትናንሽ ኩባንያዎች መላ ስማቸውን በአንድ የአውሮፕላን ዓይነት ላይ ጣሉ። ኒው ሃምፕሻየር ያለው ፕሌንሴንስ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የስዊዘርላንዱን ፒላተስ ፒሲ-12 ይዞ ተነሣ። ፒሲ-12 ባለ አንድ ሞተር ቱርቦፕሮፕ፣ ማለትም በመዘውር የሚበር አውሮፕላን ነው፤ ጄት አይደለም፣ ፍጥነቱም ከጄት ያንሳል። ግን በአጭር ሜዳ፣ በሣር ላይም ሳይቀር ያርፋል፤ ከኋላ በኩል ያለው ሰፊ የጭነት በር ብስክሌትና የበረዶ መንሸራተቻ ያስገባል። የኩባንያው ደንበኞች አብዛኛውን ጊዜ የሚበሩት አጭር መንገድ ስለሆነ ጥቂት ደቂቃ መዘግየቱ አያስጨንቃቸውም፤ የሚያስደስታቸው የሰዓቱ ሂሳብ ዝቅተኛ መሆኑና ወደ ደሴትና ወደ ተራራ ቤታቸው ቅርብ መውረዳቸው ነው። ፒላተስ ያንኑ የጭነት በር ያለውና ባልተነጠፈ ሜዳ የሚያርፍ ጄት፣ ፒሲ-24ን ሲሠራ የመጀመሪያውን በየካቲት 2018 የተረከበው ፕሌንሴንስ ነው። ምርጫው ከደንበኛው የጉዞ ልማድ ተነሥቶ የተደረገ በመሆኑ ጸና።

አቫንቴር ያን ያህል አልቀናውም። በ2003 የተመሠረተው፣ መቀመጫውን ክሊርዋተር ፍሎሪዳ ያደረገው ይህ ኩባንያ የጣሊያኑን ፒያጆ አቫንቲ መረጠ። አቫንቲ ከአፍንጫው አጠገብ ትንሽ ክንፍ ያለው፣ መዘውሮቹ ወደ ኋላ የዞሩ፣ ያየው ሁሉ ዞሮ የሚመለከተው አውሮፕላን ነው። በነዳጅ ቆጣቢነቱ ቱርቦፕሮፕ ሆኖ ፍጥነቱ ከትናንሽ ጄቶች ጋር ይወዳደራል፤ ውስጡም ከእነርሱ ይሰፋል። ለመለየት ከዚህ የተሻለ አውሮፕላን ማግኘት ከባድ ነበር። ጉዳቱም ከዚያው መጣ፤ አቫንቲ በዓለም ላይ ጥቂት ስለሆነ መለዋወጫውም ጠጋኙም ጥቂት ነው። በ2012 ከአንዱ አውሮፕላን የጅራት መቆጣጠሪያ አካል ተገንጥሎ ወደቀ፤ በዚያው ዓመት መኸር ኩባንያው መላ አውሮፕላኖቹን ለፍተሻ አቆመ፤ በሰኔ 2013 ሥራው ጨርሶ ቀረ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2023፣ ድርሻ የሚሸጠው በሆንዳጄት ብቻ የነበረው ጄት ኢት ጄቶቹ ከማኮብኮቢያ እየወጡ ያደረሱትን ተደጋጋሚ አደጋ ምክንያት አድርጎ በረራ አቆመና ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። አንድ ዓይነት ብቻ የያዘ ኩባንያ ያ ዓይነት ሲታመም የሚተካው የለውም።

ትልቁ ኩባንያም ቢሆን ከአደጋ አልዳነም። ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ ባለድርሻዎች እየወጡ ድርሻቸውን መለሱ፤ ኔትጄትስ በውሉ መሠረት መልሶ ሲገዛ ዋጋቸው የወደቀ ጄቶች በእጁ ተከማቹ። በ2009 ከግብር በፊት የ711 ሚሊዮን ዶላር ኪሳራ አስመዘገበ፤ ሳንቱሊም ኩባንያውን ለቀቀ። አውሮፕላን መምረጥ ከአምስትና ከአሥር ዓመት በኋላ ስንት ያወጣል ብሎ መወራረድም መሆኑን ይህን ያህል ግልጽ ያደረገ ጊዜ የለም።

ከቀውሱ የወጣው ኔትጄትስ ግዢውን በአዲስ መልክ ጀመረ። በ2010 ከብራዚሉ ኤምብራየር 50 ፌኖም 300 አዘዘ፤ በ2011 ከቦምባርዲየር እስከ 120 ግሎባል ጄቶች ለመውሰድ ተዋዋለ፤ በ2012 ደግሞ ከቦምባርዲየርና ከሴስና እስከ 425 አውሮፕላኖች የሚደርስ፣ 9.6 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት ውል ፈረመ። ቁጥሩን ብቻ ማየት ግን ያሳስታል፤ ከ425ቱ ሁለት ሦስተኛ የሚበልጠው በአማራጭነት የተያዘ፣ ገበያው ካልፈቀደ የሚተው ነበር። ዋናው ለውጥ አውሮፕላኖቹ ለኔትጄትስ ተብለው መሠራታቸው ነው። ብዛት ያለው ገዢ ፋብሪካው ዘንድ ቃሉ ይሰማል፤ መቀመጫው፣ መብራቱ፣ የሻንጣው ቦታና መዝናኛው በደንበኞች አስተያየት ተስተካክሎ «ሲግኔቸር ሲሪስ» በሚል ስም ቀረበ። ሳይቴሽን ላቲቱድን የመሰለ፣ ሰው ቀጥ ብሎ የሚቆምበት መካከለኛ ጄት ከፋብሪካው እንደወጣ በብዛት የገባው ወደዚሁ ኩባንያ ነው።

ተፎካካሪው የመጣው ቀድሞ ያገለገሉ ጄቶችን ይሸጡ ከነበሩት ሰው ነው። ኬን ሪቺ የሚመሩት ዳይሬክሽናል አቪዬሽን በ2013 ፍሌክስጄትን ከቦምባርዲየር በ185 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በብዛት ከኔትጄትስ ጋር መወዳደር ስለማይቻል የተመረጠው መንገድ ጥራትን ማጉላት ነበር። በ2014 የገልፍስትሪም ትዕዛዝ ተሰጠ፤ በ2015 «ሬድ ሌብል» የተባለው አገልግሎት ሲጀመር አብራሪዎች ከአንድ አውሮፕላን ጋር ብቻ እንዲሠሩ ተመደቡ፤ የተሳፋሪው ክፍልም ከጄት ጄት እንዲለያይ ተደርጎ ተነደፈ። ለዘርፉ ልማድ ይህ ድፍረት ነው፤ ሁሉንም አንድ ማድረግ ወጪ ይቀንሳልና።

አዲስ ነገር ቀድሞ ለመያዝ የተደረገው ሩጫ ገና ያልተሠራ አውሮፕላን እስከ መግዛት ደርሶ ነበር። ፍሌክስጄት ያዘዘው ሊርጄት 85 በ2015 በቦምባርዲየር ተሰረዘ። በዚያው ዓመት ፍሌክስጄት ከድምፅ የሚፈጥነውን ኤሪዮን ኤኤስ2 ሃያ አዘዘ፤ ኤሪዮን በግንቦት 2021 ገንዘብ አጥቶ ተዘጋ። ኔትጄትስም በ2018 እስከ 150 ሳይቴሽን ሄሚስፌር ለመግዛት ተስማምቶ ነበር፤ የሞተሩ ችግር ስላልተፈታ አምራቹ በቀጣዩ ዓመት ፕሮጀክቱን አቆመው። እንዲህ ያለው ትዕዛዝ ለኩባንያው ብዙ ወጪ አያስከትልም፤ ስሙን በየጋዜጣው ያስጠራል፤ አውሮፕላኑ ባይመጣም የሚጎዳው ይበልጡን አምራቹ ነው።

ከ2019 ወዲህ ሁለቱም ትልልቆች ከአንድ አምራች፣ ከኤምብራየር፣ በብዛት መግዛት ይዘዋል። ፍሌክስጄት በ2019 ፕሬተር 500 እና 600ን ጨምሮ የኤምብራየር ጄቶችን እስከ 1.4 ቢሊዮን ዶላር በሚደርስ ውል አዘዘ። ኔትጄትስ በግንቦት 2023 እስከ 250 ፕሬተር 500 ለመውሰድ ተዋዋለ፤ በመስከረም ደግሞ ከሴስና ጋር ለ15 ዓመት የሚዘልቅ፣ እስከ 1,500 ሳይቴሽን የሚደርስ ስምምነት ጨመረ። ፍሌክስጄት በየካቲት 2025 ሌላ 182 የኤምብራየር ጄቶች፣ ከ30 አማራጮች ጋር፣ እስከ 7 ቢሊዮን ዶላር በሚደርስ ውል ገዛ። ፕሬተር 500 ዛሬ በሁለቱም ኩባንያዎች ዘንድ አለ፤ ክንፉም ሞተሩም አንድ ነው። የኔትጄትሱ ውስጡ ከሌሎቹ የኔትጄትስ ጄቶች ጋር እንዲመሳሰል ተደርጎ ሲታዘዝ፣ የፍሌክስጄቱ ከጎኑ ከቆመው ፕሬተር እንኳ በቆዳው፣ በእንጨቱና በቀለሙ እንዲለይ ተደርጎ ይታዘዛል።