በወረቀት ላይ የተደረገ የዋንጫ ውድድር

የእግር ኳስ ወዳጆች በተሰበሰቡበት ሥፍራ ሁሉ የማይቀር አንድ ክርክር አለ፤ ይኸውም የድሮው ቡድን ይበልጣል ወይስ የዛሬው የሚለው ነው። ይህ ክርክር መቋጫ የለውም፤ የድሮዎቹ ተጫዋቾች አርጅተዋል ወይም ዐርፈዋልና ከዛሬዎቹ ጋር ሊጋጠሙ አይችሉም። እኛም የታሪክ ክበብ አባላት ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት ጽሑፍ እንድናቀርብ በታዘዝን ጊዜ፥ ነገሩን በወረቀት ላይ ለመፈተን አሰብን። በልዩ ልዩ ዘመን የነበሩ የተማሪዎች ቡድኖች ወደ ሸዋ ሮቢት ወርደው ቢጋጠሙ ዋንጫውን ማን ይወስድ ነበር?

የቡድኖቹን ቍጥር አራት አደረግን። ለዚህ አብነት የሆነን በጥር ወር 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተደረገው ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ነው፤ በዚያ ውድድር የተሰለፉት ኢትዮጵያ፥ ቱኒዚያ፥ ዩጋንዳና በዚያ ዘመን የተባበረችው ዐረብ ሪፑብሊክ ትባል የነበረችው ግብጽ ብቻ ነበሩና። በእኛ ወረቀት ላይ የገቡት በ1900 ዓ.ም. የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት፥ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው ተፈሪ መኮንን፥ በ1938 ዓ.ም. የተከፈተው ጄኔራል ዊንጌት፥ እንዲሁም አስተናጋጅ የሌለበት ግብዣ አይኖርምና የራሳችን ቡድን ናቸው። ኮተቤ ለምን ቀረ የሚል አንባቢ ቢኖር፥ በዚህ ነገር ሦስት ቀን ተከራክረናልና እባክዎ እንደገና አይቀስቅሱብን።

የመጀመሪያው ችግር የሕጉ ነገር ነበር። የምኒልክ ትምህርት ቤት በተከፈተ ጊዜ በነበረው የጨዋታ ሕግ በረኛ በራሱ የሜዳ እኩሌታ ውስጥ በየትም ቦታ ኳስን በእጁ መንካት ይችል ነበር፤ በቅጣት ክልሉ እንዲወሰን የተደረገው በ1904 ዓ.ም. ነው። ተፈሪ መኮንን በተከፈተበት በዚያው በ1917 ዓ.ም. ደግሞ የኦፍሳይድ ሕግ ተለወጠ፤ ቀድሞ በአጥቂውና በግቡ መስመር መካከል ሦስት ተከላካዮች እንዲኖሩ ይፈለግ የነበረው ወደ ሁለት ወረደ። በዓለም ዋንጫ ተለዋጭ ተጫዋች የተፈቀደው በ1962 ዓ.ም. ሲሆን፥ በረኛ ጓደኛው በእግሩ የመለሰለትን ኳስ በእጁ እንዳይዝ የተከለከለው በ1984 ዓ.ም. ነው። ብዙ ካሰብን በኋላ የመጀመሪያው እኩሌታ በተጋባዦቹ ዘመን ሕግ፥ ሁለተኛው በዛሬው ሕግ እንዲሆን ወሰንን።

ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ቆርቆሮ ቀረበ። በቆርቆሮው ውስጥ ሃያ ብጣሽ ወረቀት ይገባል፤ ከፊሉ ባዶ፥ ከፊሉ «ግብ» የሚል ጽሕፈት ያለበት ነው። ዕጣ አውጪው ዐይኑን ጨፍኖ በየእኩሌታው አምስት አምስት ያወጣል። ይህ ቀላል ነው። ለማን ስንት «ግብ» ይጻፍ የሚለው ግን ወዳጅነትን የሚያፈርስ ነገር ሆነ። የተፈሪ መኮንን ደጋፊዎች አቶ ይድነቃቸው ተሰማ የዚያ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበሩና ብጣሽ ይጨመርልን አሉ። በእርግጥ የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ አቶ ይድነቃቸው የቅዱስ ጊዮርጊስ ታላቅ ተጫዋች ሆነዋል፤ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በ1979 ዓ.ም. እስከ ዐረፉ ድረስም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበሩ። ነገር ግን በትምህርት ቤት ሜዳ የሚሮጠው ልጅ ይህን ሁሉ ገና አልሆነም። አንድ ብጣሽ ብቻ ፈቀድንላቸው። ለእኛ ቡድን ደግሞ አብዛኛው ሰው ሁለት ብቻ ይበቃል ብሎ ነበር፤ የቆላ ከተማ ተማሪ ስሙ በመጻሕፍት ከተጻፈለት የአዲስ አበባ ተማሪ ጋር እንዴት ይወዳደራል በማለት።

በዚህ ጊዜ ቆርቆሮውን ውጤቱ በታወቀ ጨዋታ እንፈትነው የሚል ሐሳብ ቀረበ። በ1949 ዓ.ም. በካርቱም በተደረገው የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ግብጽ ኢትዮጵያን 4 ለ 0 አሸነፈች። በ1951 ዓ.ም. በካይሮ እንደገና 4 ለ 0 ሆነ። በዚህ መዝገብ መሠረት በግብጽ ቆርቆሮ ስምንት «ግብ» ስንጨምር ለኢትዮጵያ የገባው ባዶ ብቻ ነው፤ ከባዶ ቆርቆሮ ደግሞ መቶ ጊዜ ዕጣ ቢወጣ ግብ አይገኝም። እውነተኛው ታሪክ ግን ይህን ይመስላል። እሑድ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፥ ጥምቀት በዋለ በሁለተኛው ቀን፥ ግብጾች ቀድመው አገቡ። ተክሌ ኪዳኔ አቻ አደረገ፤ ወዲያው ግብጾች ደገሙ። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ አገባ። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፥ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አክለው 4 ለ 2 ተፈጸመ፤ ሉቺያኖም ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። አሠልጣኙ እነሆ ያ የተፈሪ መኮንን ተማሪ ይድነቃቸው ነበሩ። ከዚህ በኋላ ለእኛ ቡድን ሁለት ብጣሽ ይበቃል የሚል ድምፅ አልተሰማም።

እንዲህ ያለው ጨዋታ በሠለጠነው ዓለምም ተሞክሯል። በአሜሪካ ሙሪ ዎሮነር የሚባል ሰው በ1959 ዓ.ም. ገደማ የጥንትና የዘመኑን የከባድ ሚዛን ቦክሰኞች በኮምፒዩተር አጋጠመ። መሐመድ ዓሊ በኮምፒዩተሩ በመሸነፉ ተቈጥቶ ክስ መሠረተ። በኋላም ዓሊና ሮኪ ማርሲያኖ በፊልም ላይ ሲጋጠሙ በጥር 1962 ዓ.ም. በአሜሪካ በታየው ማርሲያኖ አሸነፈ፤ በአውሮፓ በታየው ግን ዓሊ። አንድ ግጥሚያ ሁለት ፍጻሜ!

እኛም ከዚህ አላመለጥንም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ። በደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ የተመታ ኳስ ርቆ ይሄዳል፥ የቆላ ልጅም ቶሎ ትንፋሽ ያጥረዋል። በአንጻሩ ከጣርማ በር ብርድ በአንድ ቀን ወርዶ በይፋት ፀሐይ ቀትር ላይ የሚሮጥ ደገኛ ጕልበቱ እንደ ቅቤ ይቀልጣል። ስለዚህ ለባለሜዳው ሁለት ብጣሽ ተጨመረ።

ተፈሪ መኮንን ምኒልክን 2 ለ 1፥ የእኛ ቡድን ዊንጌትን 3 ለ 2 አሸነፉ። ፍጻሜው ሸዋ ሮቢት ላይ በስድስት ሰዓት ሲደረግ 2 ለ 1 አሸነፍን። የተፈሪ መኮንን ደጋፊዎች ሁለቱን ብጣሽ ወደ እነርሱ ቆርቆሮ አዛውረው ጨዋታውን አዲስ አበባ ላይ ሲደግሙት 3 ለ 1 ተሸነፍን። ሁለቱም ውጤቶች በክበቡ መዝገብ ሰፍረዋል። የዊንጌት ደጋፊዎች ደግሞ በረኛቸው በዘመኑ ሕግ ኳስ አቅፎ ሳለ በዛሬው ሕግ ተቀጣ ሲሉ አቤቱታ አቅርበው ጕዳዩ ገና በመታየት ላይ ነው።