የድሮው ኮምፒውተር ምኑ ይናፍቃል?

የ40 ዓመት ኮምፒውተር ገዝተው፣ አቧራውን አራግፈውና ጠግነው የሚንከባከቡ ሰዎች አሉ። «ምን ነካቸው? ኪሴ ውስጥ ያለው ስልክ አይበልጠውም እንዴ?» ብትሉ አይፈረድባችሁም። ይበልጠዋል፤ ያውም በብዙ።

ለምሳሌ ቢቢሲ ማይክሮን እንውሰድ። የብሪታኒያው ቢቢሲ ሕዝቡን በቴሌቪዥን ኮምፒውተር ለማስተማር ሲያስብ፣ በኬምብሪጅ ከተማ የነበረው አኮርን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1981 ይህን ማሽን አቀረበ። «ሞዴል ቢ» የተባለው ዓይነት ራሙ 32 ኪሎባይት ብቻ ነበር። ስልካችሁ 8 ጊጋባይት ራም ካለው፣ ከ250 ሺህ እጥፍ በላይ ይበልጠዋል ማለት ነው። ፕሮግራም ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጫነው ከቴፕ ካሴት ነው። ደቂቃዎች ትጠብቃላችሁ፤ መሃል ላይ ከተበላሸ በቃ፣ ካሴቱን መልሶ ማጠንጠን ነው።

ታዲያ ምኑ ይናፍቃል? ማሽኑን ስታበሩት ወዲያው ቤዚክ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ትእዛዛችሁን ይጠብቃል። ጨዋታ ለመጫን እንኳ ትእዛዝ መጻፍ ግድ ነበር። ስለዚህ ልጆች ለጨዋታ ብለው ቀርበው ፕሮግራም መጻፍ ይጀምሩ ነበር። የዛሬ ስልክ ሲከፈት የሚያሳያችሁ ሌሎች ሠርተው የጨረሱትን ነው። ፕሮግራም መጻፍ በስልክም ይቻላል፤ ፈልጋችሁ ካልሄዳችሁ ግን ማንም አይጋብዛችሁም።

የዚህ ለውጥ ውጤት ዩኒቨርሲቲ ድረስ ተሰምቷል። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ዓመታት በኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ኤበን አፕተንና ባልደረቦቹ፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ለመማር የሚያመለክቱ ወጣቶች ቁጥርም የፕሮግራም ልምዳቸውም መቀነሱን አስተዋሉ። ከምክንያቶቹ አንዱ እነዚያ የቤት ኮምፒውተሮች መጥፋታቸው ነው አሉ። መልሳቸው እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው፣ ያኔ በ35 ዶላር ይሸጥ የነበረው ራስበሪ ፓይ ነው። የመጀመሪያው ሞዴል ስም ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «ሞዴል ቢ»! ከቢቢሲ ማይክሮ የተወረሰ ስም ነው።

ስልካችሁም ቢሆን ከዚያው ቤት ይወለዳል። የአኮርን መሐንዲሶች ሶፊ ዊልሰንና ስቲቭ ፈርበር እ.ኤ.አ. በ1985 ኤአርኤም የተባለውን ፕሮሰሰር ሠሩ። ቺፑ ከመመረቱ በፊት ንድፉ የተፈተነው ቢቢሲ ማይክሮ ላይ፣ በቤዚክ በተጻፈ ፕሮግራም ነበር። ዛሬ የኤአርኤም ንድፍ የሌለበት ስማርትፎን ማግኘት ይከብዳል።

እናም ለልጃችሁ ኮምፒውተር ስትገዙ ፍጥነቱን ብቻ አትጠይቁ። ልጁ የራሱን ትእዛዝ የሚጽፍበትን ቦታም አብራችሁ አሳዩት።