ጣምራ መረጣ፦ ሜርኩሪ መድኃኒት ሲያከሽፍ

ባክቴሪያ አንቲባዮቲክን የሚላመደው አንቲባዮቲክ ሲያገኘው ብቻ ይመስለናል። ሐኪሞች «ያለ ትእዛዝ አትውሰዱ፣ ጀምራችሁም አታቋርጡ» ሲሉ ልክ ናቸው፤ ግን ጉዳዩ በዚህ አያበቃም። ሜርኩሪ፣ መዳብ ወይም ዚንክ በበዛበት ውሃና አፈር ውስጥ አንቲባዮቲክ ሳይኖርም መድኃኒት የማይበግራቸው ባክቴሪያዎች ሊበራከቱ ይችላሉ። ተመራማሪዎች ይህን «ኮ-ሴሌክሽን» ይሉታል፤ በአማርኛ «ጣምራ መረጣ» ማለት ይቻላል።

በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጃፓን ውስጥ የደም ተቅማጥ በሚያመጣው ሺጌላ በተባለው ባክቴሪያ ላይ አር100 የተባለ ፕላስሚድ ተገኘ። ፕላስሚድ ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ ሊተላለፍ የሚችል ክብ ዲኤንኤ ነው። አር100 ስትሬፕቶማይሲንን፣ ቴትራሳይክሊንን፣ ክሎራምፌኒኮልንና ሰልፎናማይድን የሚቋቋሙ ዘረመሎች አሉት። በዚያው ላይ ሜርኩሪን ወደ ተን ቀይሮ የሚያስወግድ ዘረመልም ተቀምጧል። እንግዲህ በሜርኩሪ በተበከለ ወንዝ ውስጥ ይህ ፕላስሚድ የሌለው ባክቴሪያ ሲያልቅ፣ ያለው ይተርፋል። የተረፈው በሜርኩሪ መከላከያው ነው፤ የመድኃኒት መከላከያዎቹ ግን አብረው ይበዛሉ።

ሌላም መንገድ አለ፤ እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ የተባለው፣ ሆስፒታል ውስጥ ከባድ ኢንፌክሽን የሚያመጣ ባክቴሪያ፣ ዚንክ ሲበዛበት ዚንኩን ወደ ውጭ የሚገፋ ፓምፕ ያስነሳል። ፓምፑን የሚያስነሳው የሴሉ መቆጣጠሪያ ራሱ ካርባፔነም የሚባሉት አንቲባዮቲኮች ወደ ሴሉ የሚገቡበትን ቀዳዳ ይቀንሳል። ካርባፔነም ደግሞ ሌላው መድኃኒት ሲያቅተው የሚታዘዝ ነው።

በዴንማርክም ለአሳማ መኖ ይጨመር የነበረው መዳብ ከአር100 ጋር ተመሳሳይ ችግር አሳይቷል፦ በአሳማዎቹ አንጀት ባክቴሪያዎች ውስጥ መዳብን የሚቋቋመው ዘረመል ቫንኮማይሲንን ከሚቋቋመው ጋር በአንድ ፕላስሚድ ላይ ተገኝቷል። የአውሮፓ ኅብረት ዚንክ ኦክሳይድን ለአሳማ ግልገሎች በመድኃኒትነት መስጠትን ከሰኔ 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አግዷል፤ ተገቢ እርምጃ ነው።

አንቲባዮቲክ ከጊዜ በኋላ ይበሰብሳል። እንደ ሜርኩሪና ዚንክ ያለ ብረት ግን አይበሰብስም፤ በወንዝ ደለል ውስጥ ለዓመታት እየቆየ መረጣውን ይቀጥላል። አዲስ አበባ ውስጥ የአቃቂ ወንዝ የቆዳ ፋብሪካዎችን ክሮሚየምና የከተማውን ፍሳሽ አብሮ ተሸክሟል፤ በዚያው ውሃ ጎመንና ሰላጣ ይመረታል። ስለዚህ የፋብሪካ ፍሳሽን የሚቆጣጠሩ አካላትና የመድኃኒት መላመድን የሚከታተሉ የጤና ባለሙያዎች በአንድ ዕቅድ ይሥሩ፤ የወንዙ ውሃ ለብረት ሲመረመር ባክቴሪያዎቹም ለመድኃኒት ያላቸው መቋቋም አብሮ ይመርመር።