በጎጃም ደጋ ልጆችን በምጽዋትና በጥየቃ ስለ ማስተማር

ጎጃም ከጥንት ጀምሮ በቅኔ ትምህርት የታወቀ አገር ነው። ቀድሞ መንቆረር ትባል በነበረችው በደብረ ማርቆስ አካባቢ ያሉት ደብረ ኤልያስና ዲማ ጊዮርጊስ፥ እንዲሁም ደብረ ወርቅና ዋሸራ ብዙ ሊቃውንት አፍርተዋል። የእነዚህ ጉባኤ ቤቶች ታሪክ ሲነገር የመምህራኑ ስም ይነሣል እንጂ ተማሪዎቹን ስላበላው ስለ ባላገሩ ቤት የሚነገረው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ባላገሩ የሰው ልጅ ሲያበላ የራሱንም ልጅ ያስተምር ነበር።

ልጁ ፊደልና ንባብ በአጥቢያው ከጨረሰ በኋላ ዜማ ወይም ቅኔ ለመማር ከወላጆቹ ርቆ ይሄዳል። በዚያም ደበሎ ለብሶ፥ አኮፋዳ አንግቶ፥ የውሻ መከላከያ በትር ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይለምናል። ስለዚህ የቆሎ ተማሪ ተባለ። ያገኘውንም ቁራሽ ወደ ጎጆው ወስዶ ከባልንጀሮቹ ጋር ይካፈላል፤ የታመመ ወይም ዐይነ ስውር የሆነ ጓደኛ ካለ የእርሱን ድርሻ የሚለምንለት ጤነኛው ነው። እንግዲህ ለማኙ ልጅ ራሱ ለሌላው የሚያገለግል ነበር። ልመናውም የድኅነት ምልክት ብቻ አልነበረም። ወላጆቹ ባለ ሀብት የሆኑ ልጅም ቢሆን ከተማሪ ቤት ከገባ ትዕቢቱ እንዲሰበር እንደ ድኻው ልጅ ይለምናል።

በቤት ውስጥ ደግሞ የተማሪው ድምፅ ሲሰማ እናት ቁራሹን አንሥታ ለልጇ ታስይዘዋለች። ልጁ እንዳይወረውር፥ በሁለት እጁ እንዲሰጥ፥ ውሻውንም እንዲይዝ ይነገረዋል። ፊቱን አጨማዶ የሰጠ እንደሆነ ይገሠጻል፤ «ከፍትፍቱ ፊቱ» የተባለው ለዚህ ነውና። የሚሰጥ ነገር በጠፋም ጊዜ ዝም ብሎ ማሳለፍ ነውር ስለሆነ «እግዜር ይስጥህ» ብሎ መመለስን ይማራል። የሚገርመው፥ የተቀበለውም ሲያመሰግን የሚለው «እግዜር ይስጥልኝ» ነው። በሁለቱም ቃል ሰጪው እግዚአብሔር ስለሆነ ልጁ የቁራሹ ጌታ ነኝ ብሎ ሊኮራ አይችልም።

ሁለተኛው ትምህርት ጥየቃ ነው። ማኅበር ወይም ዝክር በተደገሰ ቀን ከደጅ ለመውጣት ላልቻለ ሽማግሌ፥ ለበሽተኛና ለአራስ ድርሻቸውን አድርስ ተብሎ የሚላከው ልጅ ነው። መሶቡን ወይም ሳህኑን አድርሶ በሩጫ መመለስ አይፈቀድለትም፤ እንዴት እንደ ዋሉ ጠይቆ፥ ምርቃታቸውን ተቀብሎ፥ ውሃ ወይም እንጨት ጎድሏቸው እንደሆነ አይቶ ለእናቱ ይነግራል። የጎረቤቱን ችግር በዐይኑ ማየት የሚጀምረው በዚህ መልእክት ነው። በቡሄም ነገሩ ይገለበጣል። በሌላ ቀን ሰጪ የነበረው ልጅ ነሐሴ 13 ቀን ከእኩዮቹ ጋር እየጨፈረ በየደጁ ሙልሙል ይቀበላል፤ የተቀበለበትንም ቤት መርቆ ይሄዳል።

የዚህ ሁሉ ፍሬ ነገር በአንድ የአማርኛ አጠራር ይገኛል። ለማኝ «የኔ ቢጤ» ይባላል፤ እኔን የሚመስል ማለት ነው። ይህም አጠራር ባዶ የአክብሮት ቃል እንዳልነበረ ታሪክ አስረድቷል። በ1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ጎጃምን በጦር ሲቀጡ የብዙ ባላገር ሀብት ጠፋ፤ በዚያው ዘመን፥ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ገደማ በቆየው ክፉ ቀን፥ ከብቱ በበሽታ አልቆ በመላ አገሪቱ ትናንት ሰጪ የነበረው ዛሬ ለማኝ ሆነ። የእንዶዳም ተወላጅ ሐዲስ ዓለማየሁም በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» የተማሪውንና የባላገሩን ኑሮ ጎን ለጎን ያሳዩት ይህንኑ አገር ከልጅነታቸው ስለሚያውቁት ነው።

ዘመናዊ ትምህርት ከተስፋፋ በኋላ ወገንን የማገልገል ትምህርት በሌላ መልክ መጣ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ተደረገ፤ በ1967 ዓ.ም. ደግሞ በእድገት በኅብረት ዘመቻ በአሥር ሺሕ የሚቈጠሩ ተማሪዎች ወደ ገጠር ተላኩ። እነዚህ ተማሪዎች ወደ ባላገሩ የሄዱት ሊያስተምሩት ነበር፤ የቆሎ ተማሪው ግን የሄደው ሊለምነው ነበር። ከሁለቱ መንገዶች አንዱ ሌላውን አይተካም፤ ቢሆንም የኋለኛው ሰጪ የፊተኛውን ትሕትና ካልያዘ እርዳታው ተረጂውን ዝቅ የሚያደርግ ይሆናል።

ዛሬም በጎጃም የአብነት ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ ይታያል፤ ከተማው ሲሰፋና በሩ ሁሉ ሲዘጋ ግን ድምፁን የሚሰማ ልጅ እያነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ለልጆች በጎ አድራጎት ለማስተማር የሚያስብ ሁሉ ምን ያህል ሰጡ ብሎ ከመቍጠር በፊት፥ የሚሰጡትን ሰው በምን ስም እንደሚጠሩት ማስተዋል ይገባዋል።